ስለ ኢንተርኔት ክፍላችን ረቂቅ ደንብ

ደብረ ሲና፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍታችን ያዘጋጀው የኢንተርኔት አጠቃቀም ረቂቅ ደንብ ሰሞኑን እጄ ገብቷል። ኮሚቴው አስተያየቴን በጽሑፍ እንድሰጥ ስለጠየቀኝ፣ ከማስረከቤ በፊት ሐሳቤን እዚህ ላሰፍረው ወደድሁ። አንቀጾቹ አብዛኞቹ የሚያልቁት «ክልክል ነው» በሚል ነው። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት፣ በስልክ ጮክ ብሎ ማውራት፣ ፕሮግራም መጫን፣ ነውር ያለበትን ምስል መክፈት መከልከላቸው ተገቢ ስለሆነ በእነዚህ ላይ የምለው የለኝም። ያሳሰበኝ ረቂቁ ስለ ተጠቃሚው መብት ምንም አለማለቱ ነው። ጥቂት ኮምፒውተሮችንና አንድ መስመር የምንጋራ ሰዎች ከደንቡ የምንጠብቀው ዋና ነገር ተራችን በአግባቡ እንዲደርሰንና ከወንበሩ ስንነሣ የግል ጉዳያችንም አብሮን እንዲነሣ ነው።

ረቂቁ ለማንኛውም ሰው 30 ደቂቃ ይፈቅዳል። ሲያዩት እኩልነት ይመስላል። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ለማየት የመጣ ተማሪ የምዝገባ ቁጥሩን አስገብቶ ለመነሣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ የትምህርት ማስረጃዋን ስካን አድርጋ የሥራ ማመልከቻ የምትሞላ ወጣት ግን ኮኔክሽኑ በሚንቀራፈፍበት ቀን አንድ ሰዓትም ላይበቃት ይችላል። ቅጹን አጋምሳ ሰዓቷ ቢያልቅና ብትነሣ የሞላችው ሁሉ ሊጠፋባት ይችላል፤ ተመልሳ ተራ ስትይዝም ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር ለአጭር ጉዳይ ብቻ ተለይቶ፣ ሌሎቹ አስቀድሞ ተራ ላስያዘ ሰው እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሰጡ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ የባከነው ደቂቃ ለተጠቃሚው ሊመለስለት ይገባል። ከቆላው ቀበሌዎች አቀበቱን ወጥቶ የመጣ ሰው ደግሞ ሳይመሽበት መመለስ ስላለበት፣ በገበያ ቀን ለእንዲህ ያለው እንግዳ ቅድሚያ እንዲሰጥ ጽፌያለሁ። የከተማው ነዋሪ ነገም መምጣት ይችላል።

የቪዲዮ ነገርም አለ። በከፍተኛ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊወስድ ስለሚችል፣ አንድ ሰው የኳስ ጨዋታ ሲከፍት የሌሎቹ ገጽ ይቆማል። የትምህርት ቪዲዮ የሚያይ ተማሪ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ፣ በማዳመጫ እንዲያይ ቢፈቀድለት ይበቃል። የዊንዶውስ ማሻሻያም በሥራ ሰዓት ከጀርባ እየወረደ መስመሩን ስለሚጨናንቅ፣ ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ እንዲሆን ቢደረግ መልካም ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ የኖረ ሰው፣ መስመር በሌለበት ቀን ስለሚሠራውም አስቀድሞ ያስባል፤ ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ስለሚያስችል፣ በየኮምፒውተሩ እንዲጫን ጠይቄያለሁ።

በዚህ ሳምንት አንዱ ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቴሌግራም እንደተከፈተ ነበር፤ መልእክት በመልእክት ላይ ይገባል፤ የወረዱ ፋይሎች በሚቀመጡበት ማኅደር ውስጥም የአንድ ሰው የፋይዳ መታወቂያ ፎቶ ተቀምጧል። ሠራተኛውን ጠርቼ አካውንቱን ዘጋን፣ ፎቶውንም አጠፋን። ቴሌግራም በኮምፒውተር ከተከፈተ በኋላ ገጹን መዝጋት ብቻ እንደማይበቃ፣ ከስልኩ «መሣሪያዎች» በሚለው ገብቶ ሌላ ቦታ የተከፈተውን ማቋረጥ እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። ይህን ሁሉ ተጠቃሚው እንዲያስታውስ መተው አይገባም። ድረ ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም (ብሮውዘሩ) በተዘጋ ቁጥር የተጎበኙትን ገጾች ዝርዝርና የይለፍ ቃሉን እንዲያጠፋ ማስተካከል፣ የወረደውንም ፋይል ማታ ማታ ማጽዳት የቤቱ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የመዝገቡ አንቀጽ ነው። ረቂቁ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥርና «የሚጎበኘው ድረ ገጽ» እንዲመዘገብ ያዝዛል። ከተማችን ትንሽ ናት፤ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ስም ያገኛል። ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ማንበብ የምትፈልግ ሴት ይህን መዝገብ ካየች ሁለተኛ ደጃችንን አትረግጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነፃነትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስብ ሊያስብበት ይገባል። አንድ የኮሚቴው አባል «በእኛ ኮምፒውተር ወንጀል ቢሠራ የምንጠየቀው እኛው ነን» ብለው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን አንሥተውልኛል፤ ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ለዚህ ግን ስም፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የኮምፒውተሩም ቁጥር ይበቃል ባይ ነኝ። መዝገቡ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለበት ደግሞ የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ።

ረቂቁ ጨርሶ ያላነሣው ጉዳይ ማንበብና መጻፍ የማይችል ተጠቃሚ ነው። መኪና መቆሚያው አካባቢ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ዐረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ለመገናኘት ይመጣሉ። ባለፈው ሠራተኛው አካውንት ሲከፍትላቸው «ልጄ፣ ቁጥሩን ጻፈውና አንተው ዘንድ ይቀመጥልኝ፤ እኔ እጥለዋለሁ» አሉት። ልጁ እሺ ይበል እምቢ ይበል ጨነቀው፤ እምቢ ቢል ያመኑትን እናት ማሳዘን፣ እሺ ቢል የሰው ቁልፍ መያዝ ሆነበት። በመጨረሻ «እማማ፣ ለእርስዎው በወረቀት እጽፍልዎታለሁ፤ ከመቀነትዎ ይቋጥሩት፤ ሲመጡ አብረን እናስገባዋለን» ብሎ ጻፈላቸው፤ እሳቸውም መርቀውት ቋጠሩት። ልጁ ያለ ደንብ ያደረገው ይህ ነገር በደንቡ እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ ረዳት የሰው የይለፍ ቃል በራሱ ዘንድ አያስቀምጥ፣ የሚነካውንም ቁልፍ ሁሉ ከመንካቱ በፊት ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ይንገር።

ደንቡ ከመጽደቁ በፊትም በአንድ የገበያ ቀን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በቃል ተነብቦ እንዲሰማ፣ የእኚህ እናትና የመሰሎቻቸው አስተያየትም በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠይቄ፣ ወረቀቱን ነገ ጠዋት ለጸሐፊው አስረክባለሁ።