የቆርቆሮው በር

ደሴ ውስጥ ባለትዳሮችን ሳማክር የምሰማው ጠብ ስለ ገንዘብ፣ ስለ አማት፣ ስለ ማምሸት ነው። የምነግራችሁ ባልና ሚስትም ጠብ (ማንም እንዳይለያቸው ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ) እንደዚያው ነበር። ባል አምሽቶ ሲመጣ የግቢውን የቆርቆሮ በር ያንኳኳል፤ ሚስት አትከፍትም። «ንቃኝ ነው» ይላል። እሷ ደግሞ «እንጃ፣ እጄ እምቢ ይለኛል» ትላለች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አስታርቋቸዋል፤ ከልቧ ይቅር ብላለች። እጇ ግን አልታረቀም።

ለብቻዋ ሳነጋግራት ነገሩ ወጣ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ያው በር ሌሊት በሰደፍ ተደብድቧል። እሷ የታመሙ እናቷን ይዛ ቀርታለች፤ ባሏ ልጆቹን ይዞ ቀድሞ ወጥቷል።

በዓይን እንቅስቃሴ የሚሰጠው ሕክምና፣ ኢኤምዲአር የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ የጀመሩት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት መክሮታል። ለባልና ሚስት ጠብ ግን አልተሠራም። የሚሠራው በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ነው፤ ትዝታውን በልቧ ይዛ ዓይኗ የጣቴን ምልልስ ሲከተል አእምሮዋ ሁለቱን ባንዴ መሸከም ስለሚያቅተው ምስሉ ይደበዝዛል የሚል ማብራሪያ አለ። ይህን ልዩነት በወረቀት አውቀው ነበር፤ በሥራ ላይ ግን ሳትኩ።

የሳትኩት ባልየውን ገና ከመጀመሪያው አብሮ ማስቀመጤ ነው። ጭንቀቷን ከ0 እስከ 10 ስትመዝነው 9 አለች። ዓይኗን ማንቀሳቀስ ጀመርን፤ እንባዋ መጣ። ወዲያው እጇን ይዞ «አብሽሪ፣ አለፈ እኮ!» አላት። እንባዋን ዋጠችና «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለች እሱን ማጽናናት ያዘች። ሥራው እዚያው ቆመ። በዚያው ሳምንት ቤታቸው ሲጣሉ «አንቺ እኮ በሽተኛ ነሽ» ብሏታል። አፉ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ሳላነጋግር አልጀምርም። ዱላ፣ ዛቻ ካለ የዓይን ሕክምናውን አልነካውም። ዛሬ የምትፈራው እሱን ራሱን ከሆነ ፍርሃቷ ትክክል ነው፤ ማደብዘዝ አደጋ ውስጥ መተው ነው። እነሱ ቤት ያ አልነበረም። ዓይኗ ሲደክም የራሷን ጉልበቶች በየተራ መታ መታ እያደረገች ለብቻዋ ቀጠልን። ለቤት ደግሞ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ትከሻዋን በየተራ መታ ማድረግን አስለመድኳት።

ባልየውን ለብቻው ሳገኘው ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። በሩ በዘገየ ቁጥር የሚሰማው «ጥለኸኝ ሄደሃል» የሚል ድምፅ ነው። «ንቃኝ ነው» ሲል የነበረው የራሱ ጸጸት ነበር። በእሱም ትዝታ ላይ ሠራን። በኋላ አብሮ ሲቀመጥ «ካልጠራችህ አትናገር፣ አትንካት» ብለን ተስማማን። ያን ቀን የበሩን ሌሊት ከአፏ እስከ መጨረሻው ሰማ። አንገቱን ደፍቶ «ብቻሽን ነበርሽ» ብቻ አለ። እጁን የያዘችው እሷ ናት።

አሁን ሲያመሽ ከመንገዱ ጀምሮ ስሟን እየጠራ ይመጣል። ባለፈው ቁጥሩን ስጠይቃት «ሁለት» አለችኝ፤ «ድምፁን ካልሰማሁ ግን አልከፍትም።»

«ልክ ናት» አለ ባልየው።