ጣሪያ ያለው ድልድይ

በእንግሊዝ አገር፣ በዊልተን ቤት መናፈሻ ውስጥ ናደር የተባለውን ወንዝ የሚያሻግረው ድልድይ ለመሻገሪያ ብቻ ቢታሰብ ኖሮ በተራ ቅስት ባለቀ ነበር። ነገር ግን የርስቱ ባለቤት ሄንሪ ኸርበርት፣ ዘጠነኛው የፔምብሮክ መስፍን፣ ራሱ የሥነ ሕንፃ ሰው ስለነበረ፣ ከአርክቴክቱ ከሮጀር ሞሪስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1736 እና በ1737 ከቅስቶቹ በላይ ቤት አቆመበት፤ በሁለቱ ጫፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር ክፍሎች፣ በመካከላቸው ደግሞ ጣሪያ የተሸከሙ፣ አናታቸው ግራና ቀኝ የተጠቀለለ የአዮኒክ ዓምዶች ተደረደሩ። የአሠራሩ ስልት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ጣሊያናዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ከአንድርያ ፓላዲዮ የተወረሰ በመሆኑ «የፓላዲዮ ድልድይ» ይባላል።

ድሬዳዋ ላይ ሆኖ የዚህን ድልድይ ሥዕል የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው። በቀትር ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የከተማዋን ወንዝ ደቻቱን በእግሩ የተሻገረ ሁሉ ድልድይ ላይ ጥላ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ፀሐይ ብርቅ የሆነባቸው ሰዎች ይህን ለሽርሽር መሥራታቸው ትንሽ ያስቀናል።

የዊልተኑ ድልድይ ሁለቱም ጫፎቹ ደረጃ ስላላቸው ለእግረኛ ብቻ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1738 እዚያው እንግሊዝ በስቶው መናፈሻ የተሠራው አምሳያው ግን ሠረገላ ያልፍበት ስለነበር ደረጃው ቀርቶ፣ ወለሉ ዝቅ ብሎ፣ መውጫና መውረጃው ለስላሳ ዳገት ሆነ። የስቶው ድልድይ መጀመሪያ አንደኛው ጎኑ በግድግዳ የተዘጋና በድንጋይ ቅርጽ ያጌጠ ነበር፤ በኋላ ግድግዳው ተነሥቶ ዓምዶች ሲተኩበት ነው ከሁለቱም ወገን ውኃ የሚታየው። ለእኔ ትክክል የመጣው ያኔ ነው፤ በድልድይ ላይ የቆመን ሰው ወንዙን መከልከል ምን ይባላል?

ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1755 በባዝ ከተማ አጠገብ በራልፍ አለን ርስት በፕራየር ፓርክ የተሠራው፣ ከሸለቆው ግርጌ በግድብ በተያዘ ኩሬ ላይ ቆሟል። ባለቤቱ የድንጋይ ማውጫ ጌታ ስለነበር ለድንጋዩ አልተጨነቀም። ውኃው ረግቶ እንዲቆም መደረጉ የዓምዶቹን ነጸብራቅ ለማሳየት ይጠቅማል፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ ከርሞ በአንድ ሌሊት ከደጋው ጎርፍ ይዞ ለሚወርድ ለደቻቱ ግን ይህ ንድፍ አይሆንም፤ በወንዙ መካከል የተደረደሩት እግሮች ግንድና ድንጋይ ይይዛሉ። ከቅስቶቹ በላይ ያለውን አሠራር ብቻ እንውሰድ ከተባለ የምመርጠው የስቶውን ነው፤ ባጃጅ ደረጃ አይወጣም።