ፍልሰታ ላይ፣ ወደ ጉማራ አፍ

ከባሕር ዳር የተነሣነው ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ከገባች ሳምንቷ። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ገና ማባራቱ ነው። ጀልባዋ ላይ አምስት ነን፤ የዓሣ ተመራማሪው ዶክተር፣ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች፣ ባለጀልባው ጋሼና እኔ።

ድሮ ሳይንሳዊ ጉዞ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ቀይ ባሕር ነበር። አየር የተሞላ ሲሊንደር አዝለው የሚጠልቁ፣ ኮራሉ ላይ፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት ዐለት ላይ፣ ገመድ ዘርግተው ከገመዱ ሥር ያለውን ነፍስ አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ሰዎች። ኮራል ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍንም። ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ ግን እዚያ ይጠለላል። ይህን ለዶክተሩ ሳወራላቸው ፈገግ አሉ። «ጣናም እንዲህ ያለ ጠባብ ቤት አለው። ዛሬ ታዪዋለሽ።»

ደብረ ማርያምን አልፈን በምሥራቁ ዳርቻ ሽቅብ ያዝን። ወደ ጉማራ ወንዝ ስንቀርብ ውኃው መልኩን ለወጠ፤ ሻይ በወተት መሰለ። ከፎገራ ሜዳና ከላይ ካሉት ተራሮች የታጠበ አፈር ነው። ተማሪዋ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ አወረደች። ሴኪ ዲስክ ይሉታል፤ አንጀሎ ሴኪ የተባሉ ኢጣሊያዊ ቄስ በ1865 እ.ኤ.አ. የሞከሩት መለኪያ ነው። ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። የኛው ክንድ ሙሉ እንኳ ሳይወርድ ጠፋ። እዚህ ጠልቆ መቁጠር የለም። የጣናን ዓሣ ለማወቅ መረብ መጣል ግድ ነው።

መረቡን የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ማታውኑ ጥለውልን ነበር። ዐይኑ የተለያየ ነው፤ ጠባቡ ትንሹን፣ ሰፊው ትልቁን እንዲይዝ። አንድ አባት በደንገል ታንኳ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ውሉ ተነጋግሮ ያለቀ ነው፤ እኛ ለክተን እንመዘግባለን፣ ዓሣው የሳቸው ነው።

ነጭ ዓሣን እስከዚያ ቀን የማውቀው በሳህን ላይ ነበር፤ ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር። አንድ ዓሣ ይመስለኝ ነበር። ዶክተሩ ከመረቡ ያወጧቸውን ሦስቱን ጎን ለጎን አጋደሙልኝ። የአንዱ ከንፈር ወፍራምና ሥጋም ነው። የአንዱ አፍ ሰፊ፣ ጭንቅላቱ ረጅም። ሦስተኛው ቀጭን፣ ለሩጫ የተሠራ። «እነዚህ አንድ አይደሉም» አሉ። በጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ከነሱ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመው የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ጥርስ አልባ አፍ ይዘው አዳኝ ሆነዋል።

እንዴት እዚህ ብቻ? ጢስ ዓባይ ነው ምክንያቱ። 40 ሜትር ግድም የሚወርደውን ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ የሚዘል ዓሣ የለም። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ ይመሰክራል፤ የሐይቁ ዓሦች እንዲህ የተለያዩት ከዚያ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቀቱ 14 ሜትር ቢሆን ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ እንዲህ ያለ የቅርብ ዘመዳም ዓሦች መንጋ ነበር። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ያልተገራ ማጥመድ አጠፉት ማለት ይቻላል።

ጠባቡ ቤት የወንዙ አፍ ነው። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከሐይቁ ተነሥተው ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠርና ንጹሕ ፈሳሽ ውኃ ፍለጋ። እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ነገሩ በአብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መግቢያ ያልቃል። መረብ ይዞ አፉ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ሞተርና የናይለን መረብ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከገቡ ወዲህ የነጭ ዓሣው ቁጥር ወረደ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረጉ ልኬቶች በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ መጉደሉን አሳይተዋል። የዓሣ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 315/1995። ጣናም በ2007 ዓ.ም. የዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ክልል፣ ሆኗል። ስለ እምቦጭ ሁሉም ያወራል፤ ማውራትም ይገባል። ስለ ወንዞቹ አፍ ግን የሚያወራ ሰው ብዙም አልሰማሁም፤ ይህ ያንገበግበኛል።

አባትየውን ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ በዚህ ወር መረብ ባይጣልስ?»

ዝም አሉ። ቆይተው «እኛም እናውቃለን እኮ ልጄ። እንቁላል የያዘች ስትወጣ እያየን ነው» አሉ። «ፍልሰታን እኛ እንጾማለን። ከተማው ግን በጾም ዓሣ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። የልጆቼ ደብተርና ዩኒፎርም ከዚህች ወር ነው የሚወጣው።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ወንዙን ለሁለት ወር ዝጉ ማለት ቀላል ነው። የሁለት ወሩን እንጀራ ማን ይሸፍን የሚለው ካልተመለሰ ግን ዕዳውን ለኚህ ሰው ብቻ ማሸከም ነው፤ ፍትሕም አይመስለኝ።

ሥራው እስከ ስድስት ሰዓት ቀጠለ። ርዝመት፣ ክብደት፣ ጾታ፣ የእንቁላሉ ደረጃ። ከሞቱት የአንዷ ሆድ ሲከፈት እንቁላሉ ጀልባዋ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ከጤፍ የሚተልቅ፣ ከማሽላ የሚያንስ፣ ቢጫ። ማንም አልተናገረም።

ከመጨረሻው መረብ አንዲት ትልቅ ነጭ ዓሣ በሕይወት ወጣች። ሆዷ ተነፍቷል። ተማሪዋ ቶሎ ርዝመቷን ለካች፤ 47 ሴንቲ ሜትር። ወደ ሚዛኑ ልትወስዳት ስትል አባትየው እጃቸውን ዘረጉ። ተቀበሏትና ታንኳቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ጭንቅላቷን ወደ ላይ አዙረው ውኃው ውስጥ ያዟት። እስክትንቀሳቀስ ጠበቁ። ከዚያ ለቀቋት።

«ክብደቷስ?» አለች ተማሪዋ እስክሪብቶዋን ይዛ።

«ባዶ ተዪው» አሉ ዶክተሩ።