መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሳ የፓይተን ሲስተም

ኮምቦልቻ ያለ አንድ መጋዘን የዕቃ ገቢና ወጪውን በጃንጎ (ድረ ገጽ መሥሪያ የፓይተን ማዕቀፍ) ይመዘግባል እንበል። ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ያለ ኮምፒውተር ነው፤ ተጠቃሚዎቹም በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ጥቂት ሠራተኞች። ለዚህ ሥራ ኤንጂንኤክስ (ከፊት ሆኖ ጥያቄ የሚቀበል)፣ ጉኒኮርን (ጃንጎን የሚያስኬድ)፣ ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ)፣ ሬዲስና ሴለሪ (የሥራ ወረፋ) በዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ተደርድረው ማየት ያሳዝነኛል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው መነሳት አለባቸው። ፖስትግሬስ ሳይዘጋጅ ጃንጎ ከቀደመ መገናኘት አቅቶት ሊወድቅ ይችላል። ሬዲስም ካልተነገረው በቀር ዲስክ ላይ የሚጽፈው አልፎ አልፎ ስለሆነ ወረፋ የያዘ ሥራ ሊጠፋ ይችላል።

ጉኒኮርን፣ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) እና ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚጠብቅ) ይበቃሉ። ስታቲክ ፋይሎችን (ምስል፣ ሲኤስኤስ የመሳሰሉትን) ዋይትኖይዝ የተባለ የፓይተን ፓኬጅ ያቀርባል፤ የማታውን ሪፖርት የሲስተምዲ ታይመር ያወጣዋል። ኤንጂንኤክስ ከፊት ስለማይኖር ጉኒኮርን በጂትሬድ (አንድ ወርከር ብዙ ጥያቄ ጎን ለጎን በሚያስተናግድበት ዘዴ) ይሂድ፣ 2 ወርከር (የሥራ ፕሮሰስ) እና ለእያንዳንዱ 4 ትሬድ፤ አለዚያ አንድ ቀርፋፋ ስልክ ወርከሩን ይዞ ሌላውን ያስቆማል። ሲስተሙ ለኢንተርኔት የሚከፈት ከሆነ ግን ካዲን (እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ሰርቨር) ከፊት አድርጉለት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲስተምዲ ላይ ነው። ሪስታርትን ኦልዌይስ (ሁልጊዜ መልሰህ አስነሳ) ማለት ብቻውን አይበቃም። ሲስተምዲ የወደቀውን ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ መልሶ ያስነሳል፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ካስነሳው ግን ከዚያ ወዲያ አይሞክርም። ሪስታርትሴክን (መልሶ ከማስነሳት በፊት የሚጠበቀውን ጊዜ) 5 ሰከንድ ብታደርጉት እዚያ ገደብ አይደርስም። ሰርቪሱን ኢኔብል ማድረግ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ)፣ ባዮስ ላይም ኃይል ሲመለስ ኮምፒውተሩ እንዲበራ ማዘዝ አይረሳ።

ኤስኪውላይትን ዋል ሞድ (ለውጡ መጀመሪያ ለብቻው ፋይል ላይ የሚጻፍበት) ላይ አድርጉት፤ አንባቢና ጸሐፊ አይጋጩም። ፍጥነት ፍለጋ ሲንክሮነስን (መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱን የማረጋገጥ ደረጃን) ወደ ኖርማል የሚያወርዱ አሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር አልመክረውም፦ ፋይሉ ባይበላሽም የመጨረሻዎቹ መዝገቦች ሊጠፉ ይችላሉ። ፉል ላይ ይቆይ። «ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ» የሚለው ስህተት ታይምአውት (የጥበቃ ጊዜ) ቢጨመርም አልጠፋ ካለ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በንባብ ጀምሮ መሃል ላይ ወደ መጻፍ የሚዞር ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ትዕዛዞች ስብስብ) ነው፤ እንዲህ ያለው ሳይጠብቅ ወዲያው ሊወድቅ ይችላል። ከጃንጎ 5.1 ወዲህ ትራንዛክሽን ሞድን ኢሚዲየት (ከመጀመሪያው የመጻፍ ፈቃድ የሚይዝ) ማድረግ ይቻላል።

ባክአፕ ሲወሰድ ዋናውን ፋይል ብቻ ኮፒ ማድረግ አደገኛ ነው፤ አዲሱ መረጃ ገና የዋል ፋይሉ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቫኪዩም ኢንቶ በሚለው ትዕዛዝ ሙሉ ቅጂ አውጡና ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ከመጋዘኑ ውጭ፣ ለምሳሌ ደሴ ላለ ሱቅ ላኩት። መጋዘኑ ላይ እሳት ቢነሳ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ያለ ፍላሽ አብሮ ይቃጠላል።