ሲ.ኤስ. ሉዊስ የኖረበትና የተቀበረበት ሰፈር

ኦክስፎርድ የሚሄድ ሰው አብዛኛው ኮሌጆቹን ዞሮ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፣ እኔ ግን ናርንያ የሚባሉትን የልጆች ተረት መጻሕፍት የጻፈውን ሲ.ኤስ. ሉዊስን ብዬ ስለሄድኩ ቀጥታ ባስ ይዤ ከተማው ዳር ወዳለው ሄዲንግተን ወጣሁ። ሉዊስ ከ1925 ጀምሮ ወደ 30 ዓመት ያስተማረው መሀል ከተማ ሞድለን ኮሌጅ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ቤቱ ግን እዚህ ነበር።

ቤቱን ዘ ኪልንስ ይሉታል። ድሮ ጡብ የሚተኮስበት ቦታ ነበር፣ ለጡቡ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ ዛሬ ዛፍ የከበበው ኩሬ ሆኗል፣ በጣም ደስ ይላል። በ1930 ከወንድሙ ከዋርኒ እና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞተ ጓደኛው እናት ጋር ሆነው ነው የገዙት። በ1939 ደግሞ ከለንደን እንዲሸሹ የተደረጉ ልጆች እዚህ ቤት ገብተው ኖረዋል፣ የመጀመሪያው ናርንያ ላይ ከቦምብ ሸሽተው ፕሮፌሰሩ ቤት የሚመጡትን አራት ልጆች ያነበበ ሰው እዚህ ሲቆም በቃ ወዲያው ነው የሚገባው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው፣ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነው ፍጡር ጃንጥላና እሽግ እቃ ይዞ በረዶ ላይ ሲሄድ የሚያሳየው ምስል ግን ሉዊስ 16 ዓመቱ ከነበረ ጀምሮ ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረ ነው፣ መጽሐፉ ሲወጣ 1950 ነው፣ ሉዊስ 51 ዓመቱ! ከዛ በየዓመቱ አንድ አንድ እያወጣ በ1956 ሰባት ሞሉ።

ከዛ በእግሬ ወደ ቅድስት ሥላሴ ቤተክርስቲያን ሄድኩ። አንዱ መስኮት መስታወቱ ላይ የናርንያው አንበሳ አስላን ተቀርጾበታል፣ በልጅነታቸው ለሞቱ ወንድምና እህት መታሰቢያ ነው። ሉዊስ ግቢው ውስጥ ነው የተቀበረው፣ የሞተው ኬኔዲ በተገደለበት ቀን ኅዳር 1963 ስለሆነ ያኔ ወሬው ብዙም አልተሰማም። መቃብሩ መሬት ላይ የተነጠፈ ድንጋይ ነው፣ ሰው ከዚህ ዓለም መሄዱን መታገስ አለበት የሚል የሼክስፒር ቃል ተጽፎበታል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሉዊስ የ9 ዓመት ልጅ እያለ በ1908 ቤልፋስት እናቱ በካንሰር በሞተችበት ቀን ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ላይ የነበረው ጥቅስ እሱ ነው፣ ዋርኒ ያንን እስከዛ ድረስ ሳይረሳ ወንድሙ መቃብር ላይ አስጻፈው፣ እሱም በ1973 እዛው አብሮት ተቀበረ።

ትንሹ ሉዊስ እናቱ እንድትድን ጸልዮ ነበር፣ አልዳነችም። በ1955 በወጣው ስድስተኛው የናርንያ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ እናቱ የታመመችበት ልጅ አለ፣ አስላን ፖም ይሰጠዋል፣ ወስዶ ያበላታል፣ ትድናለች። ያንን ምዕራፍ ሕጻን እያለሁ አንብቤው ነበር፣ ማን እንደጻፈው ሳውቅ ግን በጣም ነው የከበደኝ።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ቤቱ ውስጥ ሰው ስለሚኖር ቀድማችሁ ቡክ አድርጉ።