ስምንት ጎማ፣ ሁለት ባትሪ

ቀድሞ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ የአርሰናል ደጋፊ ነበሩ። ቡድናቸው ካሸነፈ ሰኞ ጠዋት በየክፍሉ እየዞሩ የሰውን ልጅ ሁሉ በስም እየጠሩ ደኅንነት ይጠይቃሉ፤ ከተሸነፈ በሩ ይዘጋል፣ ፋይል ይከመራል። ስለዚህ ፊርማ የፈለገ ሰው አስቀድሞ መዝገብ ቤት ጎራ ማለት ነበረበት። እትዬ (ሁላችንም በዚሁ ብቻ ነበር የምንጠራቸው) ኳስ አይተው አያውቁም፤ ሆኖም ከጠረጴዛቸው መስታወት ሥር፣ ከልጆቻቸው ፎቶግራፍ አጠገብ፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መርሐ ግብር ነበራቸው። «ዛሬ አስገባ» ወይም «እስከ ረቡዕ ታገሥ» ይላሉ፤ አይሳሳቱም።

እኔ የሩጫ ሰው ነኝ። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ደቡብ ኮሪያ ዴጉ ላይ የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ አቋርጦ ሲወጣ ተስፋዬም አብሮት ወጣ። ሞ ፋራህ ተፈትልኮ ሲሄድ «በቃ፣ አለቀ» ብዬ ነበር። ያን ቀን ማንም ያልጠበቀው ኢብራሂም ጄይላን ግን ከኋላው ደርሶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ቀደመው። በመካከላቸው ግማሽ ሰከንድ እንኳ አልነበረም። ኢማነ መርጋ ደግሞ ነሐሱን አመጣ። ከዚያ በኋላ ምን ልይ? ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ዘመድ ጥየቃ ሄድኩ፤ ያን ምሽት ማንቸስተር ውስጥ የሆነውን አልሰማሁም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ለቅሶ ሄደው መዝገብ ቤት ዝግ ነበር። ከመስክ የተመለሱት ሁለት መኪኖች ጎማቸው በክረምቱ መንገድ ተልጦ ስለቆሙ፣ ስምሪት ክፍል ያዘጋጀውን የግዢ መጠየቂያ ይዤ በቀጥታ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ተቀብለው ብዕራቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ከተራ ቁጥር አንድ ወደ ተራ ቁጥር ሁለት ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ።

1. ጎማ፣ ብዛት 8።
2. ባትሪ፣ ብዛት 2።

ብዕሩን ከደኑት።

«ማነው የላከህ?»

«ስምሪት ክፍል ነው፣ ጌታዬ።»

የስምሪት ኃላፊው የለየለት የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ መሆኑን ከግቢው ሰው የማላውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«መልእክቱ ደርሶኛል በለው» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ ከቀትር በኋላ የተመለሱት እትዬ ናቸው። ማንቸስተር ዩናይትድ 8፣ አርሰናል 2። ሩኒ ብቻውን ሦስት አግብቷል፤ ቫን ፐርሲ ፍጹም ቅጣት ምት አምክኗል። አርሰናል እንዲህ ያለ ሽንፈት ካየ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1896 ወዲህ ነው። ክለቡ እዚያ ድረስ ተጉዘው ላዩት ደጋፊዎች ሌላ ጨዋታ በነጻ እንዲያዩ ፈቅዶላቸዋል። አዲስ አበባ ሆኖ ለተቃጠለ ሰው ግን ካሳ የሚከፍል የለም።

እትዬ መጠየቂያውን ተቀብለው እንደ ሐኪም ትኩር ብለው አዩት። ከዚያም ለሁለት ከፈሉት፦ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ቁጥር አንድ ቅጽ፣ በእያንዳንዱ ላይ አራት ጎማና አንድ ባትሪ።

«አራት ለአንድ ያስለቅሳል እንጂ አያሳብድም» አሉ። «ደግሞ ወረቀቱን ከማቅረብህ በፊት የሩጫውን ወሬ አንሣ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ ጄይላንን ስጠራ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ጥቂት አሰቡና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለቀቅ አደረጉ።

«ፋራህ እኮ የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ነበር።»

«ነው። እንግዲህ ያ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። እኔ ቢያንስ አንዱን አሸንፌአለሁ።»

ሁለቱንም ቅጽ ፈረሙ። አራቱንና አንዱን ያዩዋቸው አይመስለኝም፤ አይተውም ከሆነ አልፈውታል።

ከዚያ ወዲህ የየመኪናው ግዢ በየራሱ ቅጽ መጠየቁ ልማድ ሆኖ ቀረ። በኋላ የመጣ ኦዲተር ይህን አይቶ፣ የእያንዳንዱን መኪና ወጪ ለመከታተል የሚያመች አሠራር ነው ብሎ በሪፖርቱ ጠንካራ ጎኖች ውስጥ አሰፈረው። ሥራ አስኪያጁም በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አነበቡትና ሐሳቡን ማን እንዳመነጨ ጠየቁ።

እትዬ ከሚጽፉት ቃለ ጉባኤ ቀና ሳይሉ፣ «ስምሪት ክፍል ነው» አሉ።