ኤፒ ልማር ኒውትሪሽን? (የኤምፒኤች ነገር)

የጋት ፈተና (የድህረ ምረቃ መግቢያውን) ያለፈ ልጅ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፣ «ኤምፒኤች (የህብረተሰብ ጤና ማስተርስ) ልገባ ነው፣ የቱ ዲፓርትመንት ይሻላል?» አፌን ሳልከፍት ራሱ ይቀጥላል፣ «ኤፒ (ኤፒዲሚዮሎጂ፣ የበሽታ ስርጭት ጥናት) ነው አይደል? የትም ያስገባል ይላሉ»። ኤችኦም (ጤና መኮንን) ይሁን ነርስ፣ ጎንደርም ያመልክት ጅማ ወሬው ያው ነው።

«የትም ያስገባል» ግማሽ እውነት ነው። ኤንጂኦዎች ማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ «በህብረተሰብ ጤና ወይም ተመሳሳይ» ብለው ስለሚለቁት እዛ የሚለየው ልምድ ነው እንጂ ኤፒ መባሉ አይደለም። መንግስት ቤት ግን ሌላ ነው፣ የሰው ሀብት ለመደቡ የተፈቀደውን የትምህርት ዝግጅት አውጥቶ ከዲግሪህ ስም ጋር ያስተያያል፣ ስሙ ከሌለ የለም በቃ፣ ብትከራከርም ዋጋ የለውም። ስለዚ ወረዳ ወይ ዞን መስራት ልትቀጥሉ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት እዛው ሄዳችሁ ዝርዝሩን እዩት። ገበያውን አይቼ ልምረጥ ለሚል ደግሞ 2017ን ያስታውስ፣ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በዩኤስኤይድና በሲዲሲ ብር ኮንትራት ላይ የነበሩ 5,000 የጤና ሰራተኞች ውላቸው ተቋረጠ፣ ማን ምን ተምሮ ነበር ብሎ የጠየቀ የለም።

እኔ ኒውትሪሽን (ስነ ምግብ) ነው የተማርኩት፣ ሰው ሁሉ «ምግብ ዝግጅት ነው?» እያለ ሲያሾፍብኝ ማለት ነው። ምክንያቱ ምዕራብ ጎጃም ጤና ጣቢያ መስራቴ ነው። ሀገሩ ጥጋብ ነው፣ በቆሎው ድንቹ ጤፉ በአይሱዙ እየተጫነ አዲስ አበባ ይወርዳል። ዘመቻ ወጥተን የልጆቹን ክንድ በሙአክ (ባለቀለም የክንድ ዙሪያ መለኪያ፣ አረንጓዴው ደህና፣ ቀዩ ክፉኛ የከሳ ማለት ነው) ስንለካ አብዛኛው አረንጓዴ ነው፣ ከ11.5 ሴንቲ በታች ሆኖ ቀዩ ላይ የሚያርፍ ጥቂት ነው፣ ለሱም ፕላምፒ ነት (ከለውዝ የሚሰራው የህክምና ምግብ) አለ። እሰይ ብለን ቁመት ስንለካ ግን ጉዱ ይወጣል፣ የሶስት አመቱ ልጅ የሁለት አመት ልጅ ቁመት ነው ያለው። በ2016 እኤአ በተደረገው የዲኤችኤስ (ሀገር አቀፍ የስነ ህዝብና ጤና) ጥናት በሀገር ደረጃ ከ5 አመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው ቀንጭረው (ለእድሜያቸው አጥረው) ነበር፣ አማራ ክልል 46 በመቶ፣ ከሁሉም ክልል የባሰው። እህል ሞልቶ ልጅ ይቀነጭራል፣ ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

አንዷን እናት ዶሮ አለሽ አልኳት፣ አለኝ አለች። እንቁላሉስ? ለገበያ። ለልጁ አንድ እንኳን ብትቀቅይለት ስላት «በጾም?» ብላ ደነገጠች። ቤተክርስቲያን እኮ ከ7 አመት በታች ያለ ልጅ ጹም አትልም፣ እሷም ታውቀዋለች፣ የሷ ጭንቀት ልጁ ሳይሆን ድስቱ ነው፣ እንቁላል የነካው ዕቃ ጾሙ እስኪፈታ ለቤቱ ሰው አይሆንም። የሱን ድስት ለይተሽ አስቀምጪለታ ስላት ሳቀች፣ «ለየልጁ ድስት ልግዛ እንዴ ዶክተር?» አለችኝ። (ገጠር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ለሷ የሚሆን መልስ ኪሴ ውስጥ አልነበረም፣ የትኛው ትምህርት ነው ይሄን የሚያስተምረው ስል ነው ኒውትሪሽን ላይ የደረስኩት።

ሌላው ሰው ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ወረርሽኝ ሲባል ሞተር ሳይክል አስነስቶ ቀበሌ መውረድ፣ የታመሙትን ሰዎች መዝግቦ ምንጩን መፈለግ ደስ የሚለው ካለ ኤፒ፣ በተለይ ፊልድ ኤፒ ይግባ፣ ለሱ የተሰራ ነው። ስታታ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ከፍቶ ቀኑ ሳይታወቀው የሚመሽበት ባዮስታት (የጤና ስታቲስቲክስ) ይግባ። የወረዳው ሪፖርት ዲኤችአይኤስ ቱ (የጤና ሪፖርት የሚገባበት የኮምፒውተር ሲስተም) ላይ ለምን ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም ብሎ የሚናደድ ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃ አያያዝ) ይግባ። ሄልዝ ፕሮሞሽንን (የጤና ትምህርትና የባህሪ ለውጥ ላይ የሚሰራውን) ሰው ይንቃል ግን የድስቱን ነገር ሳስበው እነሱ ከኛ ሳይሻሉ አይቀሩም።

ሌላ ማንም የማይጠይቀው ደግሞ የቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ጉዳይ ነው። የኛ ሀገር ቴሲስ ይታወቃል፣ «ፕሪቫለንስ ኤንድ አሶሺዬትድ ፋክተርስ» (የችግሩ ስፋትና ተያያዥ ምክንያቶች) ብሎ ይጀምራል፣ ናሙናው 384 ሲደመር መልስ ለማይሰጡት 10 ፐርሰንት፣ 423 ሰው፣ አለቀ። ስለዚ ከዲፓርትመንቱ ስም ይልቅ እዛ ያለው አማካሪ ምን ላይ ነው የሚሰራው፣ ዳታስ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራ ላይ የጥናት ጣቢያ አለው፣ ከ1980ዎቹ እኤአ ጀምሮ፣ ጎንደር ዳባት፣ ጅማ ጊልገል ግቤ፣ ሀሮማያ ቀርሳ፣ በነዚህ ቦታዎች ልደቱ ሞቱ ፍልሰቱ ቤት ለቤት ለአመታት ሲመዘገብ ኖሯል። እዚህ አጠገብ እየተማረ ዳታውን ልይ ብሎ እንኳን ሳይጠይቅ 423 መጠይቅ ተሸክሞ በር የሚያንኳኳ ተማሪ ግን ሞልቷል።